ፊቱ የጠፋ ሳንቲም እንዴት ይነበባል?

ባለፈው ሰመር ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ጓደኛዬ በጠዋት ደወለልኝ።

«ስማ፣ ሳልለፋ ልከብር ነው» አለኝ።

ሰፈሩ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሟች አያታቸውን ዕቃ ግቢ ውስጥ ዘርግቶ ሲሸጥ፣ አንድ የቡና ቆርቆሮ በ40 ዶላር ገዝቷል። ቆርቆሮው ውስጥ ዘጠኝ የመዳብ ሳንቲሞች አሉ። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ አንዳንዱ ምንም የማይታይበት። አንዱ ላይ ግን 1804 የሚል ይነበባል። ጉግል ላይ «የ1804 ሴንት» ብሎ ቢፈልግ በሺህ የሚቆጠር ዶላር መጣለት።

«እንዳትነካቸው፤ መጣሁ» አልኩት።

«አንዷን ብቻ ነው ያጠብኳት። በሎሚና በአመድ። እንዴት እንዳበራች ብታያት!»

ልቤ ቀጥ አለ። ስለዚህች ስለታጠበችው ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የሳንቲም ነጋዴ አይደለሁም። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ በትርፍ ጊዜዬ እነዚህን መዳቦች የማገላብጥ ሰው ነኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ያወጣል?» ከዚያ በፊት ግን «ማን ነው?» የሚለው መመለስ አለበት። ፊቱ ለጠፋ ሳንቲም ከባዱ ጥያቄ ይሄኛው ነው። እድሜማ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። በ1851 ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሴንት ተመትቷል፤ ያለቀውን ዛሬ በ20 እና በ30 ዶላር ታገኙታላችሁ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ ኮንግረስ በኤፕሪል 1792 ባወጣው ሕግ ፊላደልፊያ ላይ የገንዘብ ማምረቻ ተቋቋመ። ከ1793 እስከ 1857 ድረስ ሁለት ዓይነት የመዳብ ሳንቲም ይመታ ነበር፤ አንድ ሴንትና ግማሽ ሴንት። የያኔዋ ሴንት ከዛሬዋ ፔኒ (ከአንድ ሴንቷ) ጋር የምትጋራው ስሟን ብቻ ነው። ስፋቷ ከኳርተር (ከ25 ሴንቱ) ይበልጣል፣ ከአሜሪካው ግማሽ ዶላርም ብዙ አታንስም። እጅ ላይ ስትቀመጥ ትከብዳለች። ሰብሳቢዎች «ትልቁ ሴንት» የሚሏት ለዚህ ነው።

መዳብ ለስላሳ ነው። እነዚህ ሳንቲሞች ደግሞ ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው አልኖሩም። ዳቦ ተገዝቶባቸዋል፣ መሸታ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተወርውረዋል፣ አንዳንዱ ከኪስ ወደ ኪስ 50 እና 60 ዓመት ዞሯል። መሬት የወደቀውን አፈር በልቶታል። ቀዳዳ ተበጅቶለት አንገት ላይ የታሰረ አለ። ለማሽን ዋሸር የሆነም አለ። ስለዚህ «አዲስ የሚመስል» ትልቅ ሴንት ብርቅ ነው፤ በየቆርቆሮው የሚገኘው ያለቀው ነው።

ከሚዛን ይጀመራል

ጓደኛዬ ቤት ስደርስ ቡና ተፈልቷል። ዘጠኙ ሳንቲሞች ነጭ ፎጣ ላይ ተደርድረዋል። ይዤ የሄድኩት የወርቅ ሚዛን፣ ማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ማስመሪያ ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ባለ 1804ቱን ነው። የጓደኛዬ ዓይን እኔ ላይ ተተክሏል። ሚዛኑ 5.2 ግራም አለ። ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሴንት አይደለም። ግማሽ ሴንት ነው» አልኩት።

«እና?»

እናማ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። 1804 የሚል ትልቅ ሴንት ብርቅ ስለሆነ፣ ያለቀውም በሺህ ዶላር ቤት ይጠራል። በዚያው ዓመት የተመታው ግማሽ ሴንት ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ እንዲህ አልቆ ሲገኝ መቶ ዶላርም አይሞላ። ጀርባውን በባትሪ አየነው፤ ታች 1/200 የሚል ክፍልፋይ ደብዝዞ ይታያል። ሁለት መቶው አንድ ዶላር ማለት ነው። ሴንት ቢሆን ኖሮ 1/100 ይል ነበር። ጉግል ይሄን አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀውም።

ስለዚህ ፊት ከማየት በፊት ሚዛን። ሴንቷ ከ1793 እስከ 1795 መጨረሻ ድረስ 13.48 ግራም ነበረች። መዳብ ሲወደድ ወደ 10.89 ግራም ወረደች፤ እስከ 1857ም በዚያው ቀጠለች። ግማሽ ሴንት የዚያ ግማሽ ነው፤ መጀመሪያ 6.74፣ ኋላ 5.44። ያለቀ ሳንቲም ከዚህ ይቀንሳል፤ 10.2 ቢል አትደንግጡ። 13 ግራም የሚል ሴንት ካገኛችሁ ግን ቁጭ በሉና ረጋ ብላችሁ እዩት። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ነው ማለት ነው። የእነዚያ ዓመታት ሴንት ምንም ያህል ቢያልቅ ፈላጊ አያጣም።

ከሚዛኑ ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። ብዙዎቹ ወፍራም ሴንቶች ጠርዛቸው ላይ ዙሪያውን «መቶው ለአንድ ዶላር» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አላቸው። የ1793ዎቹ መጀመሪያዎች ደግሞ የሐረግ ጌጥ አላቸው። ጣት የሚፍቀው ፊትና ጀርባን ነው፤ ጠርዝ ይተርፋል። ፊታቸው ሙልጭ ብሎ ጠርዛቸው ላይ ግማሽ ዓረፍተ ነገር የሚነበብባቸው ሳንቲሞች አይቻለሁ።

ሴትዮዋ ወዴት ነው የምታየው?

እኛ ልጆች ሳለን ዘውድ ወይስ ጎፈር እያልን ሳንቲም ስንወረውር ምስሉን ማንም ልብ ብሎ አያየውም ነበር። እዚህ ግን ሥራው ሁሉ ምስሉ ላይ ነው።

ከፊላደልፊያ በወጡት በእነዚህ ትልልቅና ግማሽ ሴንቶች ሁሉ ላይ ያለችው አንዲት ሴት ናት፤ የነጻነት ምሳሌ። የማንም እውነተኛ ሰው መልክ አይደለችም። ፊቷ ቢጠፋ እንኳ ጥላዋ አይጠፋም። ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩና ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት። የአፍንጫዋና የአገጯ ወገን የትኛው እንደሆነ፣ ጸጉሯ ወዴት እንደተለቀቀ ይታያችኋል።

በትልቁ ሴንት ላይ ወደ ቀኝ የምታይ ከሆነ ከ1793 እስከ 1807 ባለው ጊዜ የተመታ ነው። ወደ ግራ ካየች 1808 ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ይህች አንዲት ነገር ብቻ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ግማሽ ሴንት ላይም ተመሳሳይ ነው፤ ከ1794 እስከ 1808 ቀኝ፣ ከ1809 ወዲህ ግራ። የ1793ቱ ግማሽ ሴንት ብቻ ያፈነግጣል፤ ግራ ነው የሚያየው። እሱን ያገኘ ሰው በማፈንገጡ አይቀየምም።

ከዚያ ትልቁ ሴንት ዙሪያውን ከዋክብት አሉት ወይ? ካሉ 1808 እና ከዚያ ወዲህ ነው። ጀርባው ላይ ከቅጠሉ ጉንጉን በታች 1/100 አለ? ካለ እስከ 1807 ካሉት ነው። ጸጉሯ በሪባን የታሰረና ደረቷ ላይ ጨርቅ ጣል ያደረገችው ከ1796 እስከ 1807 ያለችው ናት። ከእሷ በፊት ከኋላዋ በዱላ ጫፍ የተሰቀለ ቆብ የሚታይባት ነበረች። ከ1839 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ጸጉሯ ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ተይዟል። ከ1808 እስከ 1814 ያሉት በመጥፎ መዳብ የተመቱ ናቸው፤ ጥቁርና ሻካራ ሆነው ካገኛችኋቸው የእናንተ ጥፋት አይደለም። 1815 የሚል ሴንት የሚያሳያችሁ ሰው ካለ ደግሞ ኪሳችሁን ያዙ። ከእንግሊዝ ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት መዳብ ስለጠፋ፣ ያ ዓመት የተጻፈበት ሴንት የለም።

በጣም የምወዳት ግን የመጀመሪያዋን ናት። በማርች 1793 የተመታችው ሴንት ጀርባዋ ላይ ሰንሰለት ነበራት። አሥራ አምስት ቀለበት፣ ለአሥራ አምስቱ ግዛቶች፤ «አንድ ነን» ለማለት ነው። ሕዝቡ ግን እንደዚያ አላየውም። ሰንሰለት ለነጻነት ክፉ ምልክት ነው፣ ሴትዮዋም የደነገጠች ትመስላለች ተብሎ ጋዜጣ ላይ ተተቸ። ባሪያ በሚሸጥበት አገር የነጻነት ሳንቲም ላይ ሰንሰለት ማሰር መቼም ትችት አያጣውም። 36,103 ብቻ ከተመታች በኋላ ሰንሰለቱ በቅጠል ጉንጉን ተተካ።

የዚህች ሴንት ፊት ከጀርባዋ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ዓመቱ ጨርሶ የጠፋባት፣ ሴትዮዋ ጥላ ብቻ የሆነች፣ ሰንሰለቱ ግን ጎላ ብሎ የቀረባት ሳንቲም ትገኛለች። ዓመት አያስፈልጋትም። ሰንሰለት የታየው በ1793 ብቻ ነውና ያ ሰንሰለት መታወቂያዋ ነው። እንዲህ ሆና እንኳ ከሺህ ዶላር በላይ ትሸጣለች። ሳትጠፋ የቆየች አንዷ ደግሞ በ2015 በጨረታ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች።

ሴትዮ የሌለበት ሳንቲም

አራተኛው ሳንቲም ላይ ጓደኛዬ ሳቀ። «ይሄ ደግሞ አህያ አለው» አለ።

አህያ አይደለም፣ ፈረስ ነው። ከፈረሱ ራስ በታች ደግሞ ማረሻ አለ። እኛ ማረሻ ስናይ ቶሎ እናውቃለን፤ ይሄኛው ግን የፈረንጅ ማረሻ ስለሆነ ትንሽ ይደናግራል። የኒው ጀርሲ መዳብ ነው።

የፊላደልፊያው ማምረቻ ከመቋቋሙ በፊት ግዛቶቹ የየራሳቸውን መዳብ ያስመቱ ነበር። ኒው ጀርሲ በ1786 ሦስት ሚሊዮን እንዲመታላት ከሦስት ሰዎች ጋር ተዋዋለች። ፈረስና ማረሻ ፊቱ ላይ፣ ጋሻ ጀርባው ላይ። ኮኔቲከትና ቨርሞንትም ነበራቸው። ማሳቹሴትስ ቀስት የያዘ የአገሬው ተወላጅ አድርጋለች። በ1787 ደግሞ ኮንግረሱ ራሱ ያዘዘው መዳብ ወጣ። አንድ ወገኑ ላይ የፀሐይ ሰዓትና «የራስህን ሥራ ሥራ» የሚል ምክር አለው፤ በሌላው ወገን አሥራ ሦስት የተያያዙ ቀለበቶች። ሐሳቡ የቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው ይባላል።

እነዚህን ለመለየት ጽሑፉን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ፈረስ፣ ጋሻ፣ ቀለበት፣ የፀሐይ ሰዓት፤ ከምስሉ አንዲት ቁራጭ ከተረፈች በቂ ነው። የሚያስቸግሩት የኮኔቲከቶቹ ናቸው። በእንግሊዝ ንጉሥ ሳንቲም አምሳል ስለተሠሩ፣ ሲያልቁ ከእንግሊዙ ግማሽ ፔኒ ጋር መንትያ ይሆናሉ። እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ተሸውጃለሁ። አንዳንዱ የኒው ጀርሲ መዳብ ደግሞ በሌላ አሮጌ ሳንቲም ላይ ነው የተመታው፤ በፈረሱ አንገት ሥር የድሮው ሰው አፍንጫ ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ያለቀ የኒው ጀርሲ መዳብ፣ የተለመደው ዓይነት ከሆነ፣ ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ጓደኛዬ «አህያ» ያለው ያንን ነው።

ዓመቱ ሲጠፋ

ሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ሁልጊዜ እውነቱን እንደማይናገር እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። ማርትሬዛ ብር ላይ ያለው 1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። በጃንሆይ ዘመን የነበሩት ሳንቲሞችም በእኛ አቆጣጠር 1936 እንደሚሉ ለዓመታት ተመትተዋል። መጀመሪያ የተመቱት ደግሞ የት መሰላችሁ? በ1944፣ እዚሁ ፊላደልፊያ።

ፊላደልፊያም በራሱ ሴንት ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርግ ነበር። የተቀረጸ ብረት ውድ ስለሆነ፣ ዓመቱ ቢያልፍም ካልተሰበረ ይመቱበታል። በ1799 ከ900 ሺህ በላይ ሴንት ተመታ ይላል መዝገቡ። አብዛኛው ግን 1798 የሚል ነበር። 1799 የሚለው ዛሬ ከሁሉም አስቸጋሪዎቹ አንዱ ነው፤ ሲገኝም ብዙ ጊዜ ጥቁርና ሻካራ ነው፤ ያም ሆኖ በሺዎች ይሸጣል። በዚህ ምክንያት የ1798ን 8 ቁጥር በመርፌ ፍቆ 9 ማድረግ የቆየ ማጭበርበር ነው። ዓመቱ ቆንጆ ሆኖ ቀሪው ሁሉ ያለቀ 1799 ካያችሁ፣ ዓመቱን ሳይሆን ዙሪያውን መርምሩ።

ምርመራው የሚቻለው ግን በሚቀጥለው ነገር ነው፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእጅ ሥራ አሻራ

ሳንቲም የሚመታው ባዶ የመዳብ ክብ በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል ገብቶ ሲጨፈለቅ ነው። እነዚህን ብረቶች ማኅተም እንበላቸው። ዛሬ ማኅተሞቹ ሁሉ በማሽን ስለሚባዙ አንድ ዓይነት ናቸው። በ1790ዎቹ ግን ቀራጩ እያንዳንዷን ፊደል፣ እያንዳንዱን ቁጥር በመዶሻ እየመታ ነበር ማኅተሙ ላይ የሚያሳርፈው። እጁ ትንሽ ዘወር ካለች ፊደሏ ታዘነብላለች። አንዱ ማኅተም ላይ የቅጠሉ ጫፍ ከአንድ ፊደል ሥር ያርፋል፤ ሌላው ላይ በሁለት ፊደላት መካከል። ፍሬዎቹ አንዱ ጋ ይበዛሉ፣ ሌላው ጋ ያንሳሉ። ማኅተሙ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ሳንቲሙ ላይ እንደ ክር ከፍ ብሎ ይወጣል። ባለ 1794 ሴንት ብቻ ከ50 በላይ ልዩ ልዩ የማኅተም ጥምረት አለው።

ይሄ ለፊቱ የጠፋ ሳንቲም ትልቅ ዕድል ነው። ዓመቱን ማንበብ ባትችሉም፣ ጀርባው ላይ የተረፈች አንዲት ቅጠልና ሁለት ፊደል ማኅተሙን ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ማኅተሙ ከታወቀ ዓመቱም ይታወቃል።

የ1804ቱን ትልቅ ሴንት እንውሰድ። በአንድ ጥንድ ማኅተም ብቻ ነው የተመታው። ስለዚህ እውነተኛው ሁሉ አንድ ምልክት ይጋራል። የዓመቱ ዜሮ ላይ መርፌ ብትወጉና በጀርባ ብትወጣ፣ «ኦፍ» በምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ነው የምትወጣው። ሌላ ቦታ ከወጣች ዓመቱ ተፍቆ የተቀየረ ነው። በ1860 አካባቢ ደግሞ አንዳንድ ሰዎች ከማምረቻው የተጣሉ የዛጉ ማኅተሞችን አግኝተው የራሳቸውን «1804» መቱ። ጀርባውን ግን ከ1820 ሴንት ማኅተም ስለወሰዱት ከጉንጉኑ በታች 1/100 የለውም። ሌባ ሁሉ አንድ ነገር ይረሳል።

ከ1794ቱ መካከል አንዱ ጀርባው ጠርዝ ላይ 94 ጥቃቅን ከዋክብት አሉት። ለምን እንደተደረገ ብዙ ተብሏል። ጠርዙ ላይ ስለሆኑ ቶሎ ያልቃሉ። ከ94ቱ አምስት ስድስቱ ብቻ የተረፉበት ሻካራ ሳንቲም ግን ከተለመደው 1794 ብዙ እጥፍ ያወጣል። ከዚህም የባሰች አለች። ከ1793 ሴንቶች መካከል ዓመቱ ላይ የእንጆሪ የሚመስል ቅጠል ያለባት፣ በዓለም ላይ አራት ብቻ የታወቁላት አለች። አራቱም ያለቁ ናቸው። ከአራቱ የተሻለችው በ2009 ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጣለች። ያለቀ ነው ተብሎ ወደ ጎን የሚገፋ ሳንቲም ካለ፣ እሷን አስታውሱልኝ።

ዋጋውን የሚቆርጠው ቆዳው ነው

ማንነቱ ከታወቀ በኋላ ምን ያህል እንዳለቀ የሚለካው ደረጃ ይመጣል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ከ1 እስከ 70 ያለው መለኪያ የተወለደው ከእነዚሁ መዳቦች ነው። ዊልያም ሼልደን የሚባል ሰው በ1949 ነው ያወጣው። ሐሳቡ የገበያ ነበር፤ ምንነቱ ብቻ የሚለይ ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣ፣ እንከን የሌለው ያው ሳንቲም 70 ዶላር ያወጣል ከሚል። ዋጋው ወዲያው ተለወጠ፣ ቁጥሩ ግን ቀረ። ሰውዬው በኋላ ሲጣራ ከኒው ዮርኩ የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር ስብስብ ጥሩ ሴንቶችን በመጥፎ እየቀየረ ይወስድ እንደነበር ተረጋገጠ። ስለ ጥራት ዓይን ነበረው፤ ሌላው ነገር ነው የጎደለው።

በደምሳሳው፣ ዓይነቱ ብቻ የሚታወቅ ከሆነ 1 ወይም 2 ነው። ጠርዙ ፊደላቱን መብላት ከጀመረና ዓመቱ በግድ የሚነበብ ከሆነ 3። የሴትዮዋ ዙሪያ ሙሉ ሆኖ ዓመቱና ጽሑፉ ከተነበቡ 4። ጸጉሯ ላይ ጥቂት መስመሮች ከቀሩ 8። ግማሽ ያህሉ ጸጉር ከተረፈ 12 አካባቢ።

ሰው የሚሳሳተው ግን ቁጥሩን ይዞ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ለደህና ቆዳ ነው፤ ለስላሳ፣ ቡናማ፣ ቸኮሌት የመሰለ። ከመሬት የወጣ፣ ፈንጣጣ ያደረበት ፊት የመሰለ ሳንቲም ግማሹንም ላያወጣ ይችላል። የመዳብ ሰብሳቢዎች ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያስባሉ። መጀመሪያ የምስሉን መጠን ያያሉ፤ «ይሄ 12 ነው» ይላሉ። ቀጥሎ ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ ዝገት አለው፣ ጠርዙ ተመትቷል፣ «እንግዲህ 6 እንበለው» ይላሉ። የሚከፍሉት ለ6ቱ ነው። ልሙጥ ሆኖ ቆዳው ያማረ 4፣ በዝገት ከተበላ 12 የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዋጋ ስትፈልጉ ሻጭ የጠራውን አትዩ፤ የተሸጠበትን እዩ። ሰው ኢንተርኔት ላይ ያለቀ የ1848 ሴንት አስቀምጦ አምስት ሺህ ዶላር ቢጠራ ከልካይ የለውም። ነጋዴ ደግሞ ከችርቻሮ ዋጋ በታች ነው የሚገዛው፤ እሱም ልጅ ያሳድጋል። በፕላስቲክ አሽጎ ደረጃ የሚሰጠውን ድርጅት በተመለከተ፣ ክፍያው ከ25 ዶላር ሳንቲም ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለሰንሰለቷ ይሁንላት፤ ለ1851ዋ አያዋጣም።

አስመስለው የተሠሩም ሞልተዋል። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ሳንቲሙ ማግኔት ላይ ከተጣበቀ ጉዳዩ አለቀ። ክብደቱ በጣም ከራቀም እንዲሁ። ጠርዙ ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ካለው በሻጋታ የፈሰሰ ነው።

የታጠበችው

ዘጠነኛዋን ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ሮዝ ሆናለች። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ሲፈትጉ የሚያበራውን ብርሃን ታበራለች። ለሰታቴ ጥሩ ነው። መዳብ ሳንቲም ላይ ግን ሁለት መቶ ዓመት የፈጀውን ቡናማ ቆዳ ነው የገፈፈው። አመዱ ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፤ በማጉያው ሲያዩት ፊቷ በሙሉ በጥቃቅን ጭረት ተሸፍኗል።

ያለ ጉዳት ቆሻሻ ማንሳት ይቻላል። ንጹሕ አሴቶን ውስጥ መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት አርቆ መዘፍዘፍ፣ ሳያሹ ማውጣት። ቅባትና ከፕላስቲክ ከረጢት የተጣበቀበት ነገር ይለቅቃል፤ መዳቡን አይነካም። ከዚያ ያለፈ ነገር ሁሉ ለባለሙያ ይቅር። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮካ፣ አንዳቸውም።

ይሄን እያልኩት ሳንቲሟን አገላበጥኳት። ቀኝ የምታይ፣ ሪባን ያላት። ዓመቱ 1801። ጀርባው ላይ ክፍልፋዩን አየሁና ዝም አልኩ።

«ምነው?» አለኝ።

1/100 መሆን ሲገባው 1/000 ይላል። ባትሪውን ዝቅ አደረግኩ። የጉንጉኑ ግንዶች ከታች ሁለት መሆን ሲገባቸው አንዱ የለም። «ዩናይትድ» የምትለዋ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ሁለት ቋሚ እንጨት መስላለች። ቀራጩ አንድ ማኅተም ላይ ሦስት ስህተት የሠራባት፣ ሰብሳቢዎች ሁሉ በስም የሚያውቋት ሴንት ናት። 1/000 ብቻ ያለባቸው ሌሎችም ስላሉ ሦስቱንም ነው መፈለግ ያለባችሁ። ሦስቱም ነበሩ።

«ውድ ናት?» አለ።

«ትናንት ብትሆን» አልኩት።

ከዘጠኙ አምስቱ የ1840ዎቹና 50ዎቹ ሴንቶች ነበሩ፤ ሁሉንም በ100 ዶላር ሸጣቸው። አንዱ ምንም ያልተረፈው ልሙጥ ነው፤ ግራ የምታይ ጥላና ሁለት ኮከብ ብቻ። ያንን ልጁ ወሰደው። ግማሽ ሴንቱንና «አህያውን» አስቀምጧል። ሮዟን ይዘን ወደ አንድ የሳንቲም ነጋዴ ሄደን፣ ሰውዬው ገና ሲያያት ፊቱን አጨማደደና 90 ዶላር አለ። ጓደኛዬ እንቢ ብሎ ይዟት ተመለሰ። መዳብ አየር ላይ ሲቆይ ቀስ በቀስ እንደሚጠቁር ነግሬው ነበር። ዓመታት ይፈጃል ያልኩትን ግን የሰማ አይመስለኝም። ኩሽናው መስኮት ላይ አስቀምጧት በየወሩ ይደውልልኛል።

«ዛሬ ጠዋት አየኋት» ይለኛል። «ትንሽ ጠቆር ብላለች መሰለኝ።»